ጭራቋ እኔ ልሁን



ስለ ፈተና ውጤት በሌላ ገጽ ስለተጻፈ፣ እኛ ዘንድሮ ስለ ጭራቅ እንጽፋለን።

ለዓመቱ መዝጊያ ድራማ ሚና የምናድለው እኛ መምህራን ነን። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለችን፤ ስሟን አንጠራም። ጸጥተኛና ጨዋ ስለሆነች በየዓመቱ ወይ እናት ወይ ንግሥት እናደርጋት ነበር። እንግዳ ሲመጣ አበባ የምታበረክተውም እሷው ናት። ዘንድሮ ግን እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ጭራቋ እኔ ልሁን» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኛም ሳቅን። «አንቺ እንኳን ሰው ልትበዪ ምሳሽንም በቅጡ አትጨርሺ» አልናትና ሚናውን ለአንድ ግዙፍ ልጅ ሰጠነው።

በማግስቱ በመምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣን ነገሩን ወደ ጨዋታ ለወጥነው። ከታወቁት ሴት ተዋንያን መካከል ማን በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ብትገባ ጉድ ይፈላል? አንዱ ባልደረባችን አርቲስት አስናቀች ወርቁን አነሡ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሴትን ሚና ወንዶች ይጫወቱት በነበረበት ዘመን ቀድመው መድረክ ላይ ከወጡት ሴቶች አንዷ ናቸው። ያ ለስላሳ ክራራቸው መብራት በጠፋበት ቤት፣ ማንም ሳይነካው ቢሰማስ? አሰብነውና ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

አንዲት ወጣት መምህርት ግን «ማሰብ ምን ያስፈልጋል፤ ተሠርቷል እኮ!» አለችን። እዚሁ ኬንያ ያደገችው ሉፒታ ንዮንጎ እ.ኤ.አ. በ2014 ኦስካር የተሸለመችው በባርነት የምትሠቃይ ሴትን ተጫውታ ነው። በ2019 ግን በጆርዳን ፒል «አስ» ፊልም ውስጥ ሁለት ሴት ሆና መጣች፤ አንዷ ልጆቿን ለማዳን የምትታገል እናት፣ ሌላዋ ከምድር በታች መቀስ ይዛ የወጣች፣ ድምፅዋ የታነቀ አስፈሪ ሴት። በዚያው ዓመት ደግሞ «ሊትል ሞንስተርስ» በተባለው ፊልም የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሆና፣ ዞምቢ ሲከባቸው ሕፃናቱን «ይህ ጨዋታ ነው» እያለች ከፍርሃት ጠብቃቸዋለች። መምህራን ስለሆንን ይቺኛዋን ወደድናት።

«አስ» በአማርኛ «እኛ» ማለት ነው። ለልጆች የሚሆን ፊልም አይደለም። መጨረሻው ግን ከሻያችን አስነሣን። ሁለቱ በልጅነታቸው ቦታ ተለዋውጠው ኖሯል። ከታች የመጣችው ላይ አድጋ፣ መናገር ተምራ፣ ዳንስ ተምራ፣ ደግ እናት ሆነች። ከላይ የተወሰደችው እታች ቀርታ ማስፈራሪያ ሆነች። የለያቸው የተሰጣቸው ቦታ ነው።

ከዚያ ሄደን ሚናውን መለስንላት። ግዙፉን ልጅ ንጉሥ አደረግነው፤ ከዚያ በፊት ማንም ንጉሥ ሁን ብሎት አያውቅም ነበር።

በበዓሉ ዕለት ያቺ ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ስትጮኽ ትንንሾቹ እናቶቻቸው ቀሚስ ውስጥ ተሸሸጉ። እናቷ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። «ይቺ የእኔ ልጅ ናት?» ሲሉ ሰማናቸው። እኛም ያንኑ እየጠየቅን ነበር።

ማታ ቢሮ ገብተን የሦስት ዓመት የውጤት ካርዷን አወጣን። በአስተያየት ቦታው ላይ ሦስት ጊዜ «ጸጥተኛና ጨዋ» ብለን ጽፈናል። ከጎኑ የሒሳብ ውጤቷ በየዓመቱ ይወርዳል። ሙገሳ የጻፍን መስሎን ነበር። ለካ የሰጠናት ሚና ኖሯል፤ ጸጥተኛ ልጅ ደግሞ እጇን አውጥታ «አልገባኝም» አትልም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እሷንም ወላጆቿንም ይቅርታ ጠይቀናል።

ወላጆች ሆይ፣ ዘንድሮ በካርዱ ላይ የተጻፈው አስተያየት ረዘም ብሎ ብታገኙት ስለዚህ ነው። እናንተም እቤት «የእኛ ልጅ እኮ እንዲህ ናት» ስትሉ፣ ልጅቷ እየሰማች መሆኗን አትርሱ።

ከድራማው በኋላ በቀሩት ሁለት ሳምንታት፣ ያቺ ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሁለት ጊዜ እጇን ማውጣቷን መምህሯ ነግረውናል። አንደኛው መልሷ ስሕተት ነበር። ማንም አልሳቀም።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።