በክሩገር ኩሬ ላይ የተንጠለጠለው አረፋ

ከጆሃንስበርግ ወደ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ባለፈው ኅዳር ልጄን ልጠይቅ ደቡብ አፍሪካ በሄድኩበት ጊዜ ከባለቤቷና ከሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ ጋር ይዘውኝ ሄዱ። ስለ ዝሆኑና ስለ አንበሳው ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማወራችሁ ስለ እንቁራሪት ነው።

ኅዳር እዚያ ክረምት መግቢያ ነው። ዝናብ በጣለ በማግሥቱ፣ በካምፑ አጥር ውስጥ ካለች ኩሬ በላይ ከቅርንጫፍ ላይ የተመታ የእንቁላል ነጭ የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎ አየን። የእንቁራሪት ጎጆ ነው አሉን። ማታ አስጎብኚው ባትሪ ይዞ መለሰን። ሌላዋ ገና መሥራቷ ነበር። ሴቷ ከወንዶቹ ትበልጣለች፤ ከሰውነቷ የሚወጣውን ፈሳሽ በኋላ እግሮቿ እየመታች አረፋ ታደርገዋለች። አንዱ ወንድ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል፤ ሌሎች ስድስት ዙሪያዋን ከብበው አብረው ይመታሉ። ውኃ ሲያልቅባት ወደ ኩሬው ትወርዳለች፤ በቆዳዋ መጥጣ ትመለሳለች።

«አባትየው የትኛው ነው?» አለ ልጁ።

ሁላችንም ዝም አልን። የልጄ ባለቤት ከጨቅላነቱ አሳደገው እንጂ አልወለደውም፤ ልጁም ይህን ያውቃል። አስጎብኚው ግን ይህን ከየት ይወቀው? «ብዙ ናቸው» አለ። እንቁላሉ የሚዳብረው ከእናቲቱ ሰውነት ውጪ፣ አረፋው ውስጥ ስለሆነ የከበቧትም ዘራቸውን ይጨምራሉ። ተመራማሪዎች የግልገሎቹን ዘረመል ሲመረምሩ ከአንድ ጎጆ የብዙ አባት ልጆች አግኝተዋል። ወንዶቹ ሲበዙ ሳይዳብር የሚቀረው እንቁላል ያንሳል።

እኔ አልገረመኝም። በሰውም ቢሆን፣ እጅግ አልፎ አልፎ፣ መንትዮች ከሁለት አባት ይወለዳሉ። ነርስነት ስንማር ይህን ሰምተን ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር። በማዋለጃ ክፍል ግን አያስቅም። አፍንጫና ጆሮ እያስተያዩ «የኛን ልጅ አይመስልም» የሚሉ አማቶች ስንቷን አራስ አስለቅሰዋል!

«ታዲያ ማን ያሳድጋቸዋል?» ልጁ አልተወም።

«ወንዶቹ ይሄዳሉ። አረፋው ከላይ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። በአምስት ቀን ገደማ ግልገሎቹ ወደ ኩሬው ይንጠባጠባሉ፤ ከዚያ በኋላ ለየራሳቸው ነው።»

እኛ ልንመለስ የቀረን ሁለት ሌሊት ብቻ ነበር። ልጁ ሳያይ እንደማይሄድ ነገረን፤ አለቀሰም። አባቱ ወደ ሱቁ ደውሎ ሦስት ቀን አስጨመረ። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ትከሻው ላይ አስቀምጦት ቆመ፤ ልጁም የሚወድቁትን እየቆጠረ ከአርባ በላይ ሲደርስ ጠፋበትና ከአንድ ጀመረ።