ወረቀቱ ድንበር ላይ ሲቀር



ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን ዲፕሎማውን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። በኤሌክትሪክ ሙያ ደረጃ አራት ጨርሷል፣ ሲኦሲም አልፏል። እዚህ ጁባ ሥራ ሊጠይቅ ሄዶ «ይሄ ሸሃዳ ከየት ነው? ማን አረጋገጠው?» ብለው መለሱት። «ጋሼ፣ አልተማርኩም ማለት ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

እኔም የዚያው መንገድ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ፈተና ስወስድ ፕላዝማው ገና አዲስ ነበር፤ መምህሩ በቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ እኛ ከኋላ እንከተላለን። ለመሰናዶ የሚበቃ ነጥብ ስላልመጣልኝ ቴክኒክና ሙያ ተመደብኩ። አባቴ ለጎረቤት «ልጁ ወደቀ» አሉ። ዛሬ ሎሎጎ ውስጥ ቤት የምከራየውና ልጆቼን የማበላው በዚያ «በወደቅኩበት» ሙያ ነው፤ ሶላር እሰቅላለሁ፣ ጄኔሬተር እጠግናለሁ።

መንገዱ የተቀየሰው ወ/ሮ ገነት ዘውዴ የትምህርት ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን ነው። ስማቸውን ሳነሳ የምትቆጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡና ውቀሱኝ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ሲወጣ የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከአንድ ሦስተኛ በታች ነበር። እሳቸው በ1998 ዓ.ም. ሲለቁ ወደ 80 በመቶ ተጠግቷል። የገጠር ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማር ጀመረ። ይህን መካድ ግፍ ነው።

ግን በሩ የተከፈተውን ያህል ክፍሉ አልተዘጋጀም። በአንድ ክፍል ታጭቀን ተምረናል። ሙያ ትምህርቱም በነጥብ የቀሩት የሚላኩበት ስለሆነ፣ ሕዝቡ እንደ ቅጣት አየው። የ10ኛ ክፍል ፈተና ከቀረ ዓመታት አልፈዋል፣ ንቀቱ ግን አብሮት አልቀረም። እኔ ከእሳቸው ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባት የፍትሕ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ የተማረውን ይዞ ሥራ ላይ መድረሱ ነው።

ለስደተኛ ደግሞ ይህ ሁለተኛው ግማሽ ድንበር ላይ ይቀራል። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. የኢጋድ አገሮች ጅቡቲ ላይ ተሰብስበው ስደተኞችን በትምህርት ሥርዓታቸው ለማካተት፣ የትምህርት ማስረጃቸውንም ለማወቅ ቃል ገብተዋል። ኢትዮጵያም ደቡብ ሱዳንም የኢጋድ አባል ናቸው። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጋምቤላ መጠለያ ውስጥ የተማረው የደቡብ ሱዳን ልጅም ነገ የኢትዮጵያ ወረቀት ይዞ ጁባ ይገባል። ስለዚህ ጥያቄያችንን ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ብናነሳው ያምርብናል።

ልጁን «ተምረሃል» አልኩት። ዛሬ ጠዋት መሣሪያ ሰጥቼ አብሮኝ ወጣ፤ ማታ ስንመለስ እጁ ከእኔ እንደሚሻል አየሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ቤት እንሰብሰብ። ሙያ ያላችሁ ሁሉ፣ ነርስም ሁኑ ግንበኛ፣ የማስረጃችሁን ኮፒ ይዛችሁ ኑ። ስም፣ ሙያና ዓመት መዝግበን በአንድ ደብዳቤ እናስገባለን። ወረቀቱ ጠፍቶባችሁ ከሆነም ኑ። የጠፋባችሁን እንጽፋለን።

ወንድማችሁ፣ ከሎሎጎ