ያላየነው ተዋናይ

ከእኛ ከአራታችን ጋር ባንድ መኝታ ክፍል የሚኖር ዓይነ ሥውር ጓደኛ አለን። የትምህርት መጻሕፍቱን ተራ ገብተን በስልክ እያነበብን እንቀዳለታለን። ሥራውን ስንጀምር እጅግ ቀላል መስሎን ነበር፤ ፊደል የቈጠረ ሁሉ ማንበብ መቼ ያቅተዋል ብለን። እውነቱን ለመናገር ግን እንደ ዳዊት ደጋሚ እየተንደረደርን፥ አራት ነጥቡን ሳናከብር፥ የራሳችን ፈተና ሲያስቸኵለን ደግሞ «ይህስ አያስፈልገውም» እያልን ገጽ እየዘለልን ነበር የምናነብለት። ማን ያየናል?

ካለፍነው ገጽ ላይ ጥያቄ ወጣ። ጓደኛችን ከፈተናው ሲመለስ አልተቈጣም፤ ቢቈጣ ይሻለን ነበር። በዚያው ማታ መብራት ጠፍቶ ሁላችን አልጋችን ላይ እንደ ተጋደምን ስልኩን ከፈተና «እስቲ ይህን ስሙ» አለን። ወጋየሁ ንጋቱ በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት የተረከው፥ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር።

መጽሐፉን አናውቀውም አንልም። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ ያላነበበው ተማሪ ቢኖር እንኳ አነበብኩ የማይል የለም፤ ከእኛም መካከል ከዚህ ወገን የሆነ አንድ አለ፥ ስሙን አንጠራም። በዚያች ሌሊት ግን ማንኩሳን እንደ አዲስ አየናት። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፥ ከዚያም ልጃቸው በዛብህ፥ ፊታውራሪ መሸሻ ከነኵራታቸው፥ ጉዱ ካሣ ከነምሬቱ፥ ሁሉም ካንድ ጕሮሮ ወጡ። የተናገረው ማን እንደ ሆነ ደራሲው ሳይነግረን በፊት እናውቀው ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ዝምታው ነው። ወጋየሁ የሚያርፍበትን ቦታ ያውቃል፤ አድማጩ ነገሩን በልቡ እስኪያደርስ ይጠብቀዋል። እኛ ዝምታን ጊዜ ማባከን አድርገን ነበር የቈጠርነው።

ይህ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የመድረክ ሰው ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት በስድስት ኪሎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የኪነ ጥበባት ማዕከል ዙሪያ ከተሰበሰቡት ወጣቶች አንዱ ሲሆን፥ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ተውኔቶች ለሕዝብ ካደረሱት የታወቁ ተዋንያን መካከል ይቈጠራል። ያረፈው በ1982 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ከእኛ አንዳችንም አልተወለድንም። በመድረክ ላይ ያዩት ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። የቴአትር ነገር እንዲህ ነው፤ መጋረጃው ሲዘጋ አካሄዱም፥ ዓይኑም፥ እጁም አብረው ይሄዳሉ። ለእኛ የተረፈን ድምፁ ብቻ ነው፤ እሱም ካንዱ ካሴት ወደ ሌላው፥ ከካሴት ወደ ስልክ እየተገለበጠ የመጣ። መላ አካሉን ለጥበብ ያሠለጠነ ሰው በድምፁ ብቻ መታወሱ ግፍ ነው ስንል ተከራከርን።

ጓደኛችን ሳቀ። «ለእኔኮ መድረክ ላይም ቢወጣ ይኸው ነበር» አለን። «ባንድ ነገር እንኳ ከናንተ እኩል ደረሰኝ። ደግሞ ይህ ሰው የሚያነብለትን ሕዝብ አያየውም፥ ሕዝቡም አያየውም፤ ገጽ ዘልሎ ይሆን?»

የመለሰለት የለም። መብራቱም አልመጣ፥ ፊታችንን የሚደብቅልን ጨለማ በመኖሩ ግን ደስ ሳይለን አልቀረም።

በማግሥቱ ያንኑ ምዕራፍ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተን ቀዳነው። ባንድ ሰዓት የምንጨርሰው የነበረው ሦስት ማታ ወሰደብን። ቀድሞ ራሳችን ሳይገባን እናነብ እንደ ነበር ያወቅነውም ያን ጊዜ ነው፤ የት ማረፍ እንደሚገባ ለማወቅ ዐረፍተ ነገሩ ምን እንደሚል ማወቅ ያሻል፥ ያን ደግሞ ለፈተናችን እንኳ አልደከምንበትም ነበር። ከመካከላችን አንዱ ወጋየሁን ለመምሰል ድምፁን ቢያጐረንን የሒሳብ መጽሐፍ መሆኑን አስታውሰን አስቆምነው።

ቅጂውን ሰጠነውና ፊቱን እያየን ቆምን። ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ።

«ሦስተኛው ገጽ ላይ ትንፋሹ ያለቀው የማን ነው?» አለ። «ድገሙት።»

ደገምነው።