የጠፋው ካርታ

ባሕር አይቼ በማላውቅበት ዘመን አንድ ደሴት ነበረኝ። በደብረ ብርሃን ክረምት፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለን፣ ታላቅ ወንድሜ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይስለዋል፤ ቀለም የምቀባው እኔ ነኝ። ተራራውንና ወንዙን ከጨረሰ በኋላ «በል እንግዲህ፣ ደጋውንና ቆላውን እንለይ» ይለኛል። ደጋና ቆላ የሌለው አገር ለእሱ አገር አልነበረም። ከወንዙ አጠገብ ረግረግ አደረገና «ወባ አለ፣ ማንም እንዳያድር» ብሎ ጻፈበት።

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንም «ትሬዠር አይላንድ»ን የጀመረው እንዲሁ በዝናብ ሰበብ እንደሆነ ያነበብሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ፣ ብሬማር በምትባል መንደር፣ ከ13 ዓመት የእንጀራ ልጁ ጋር ቤት ውሎ ካርታውን ሣለ፤ ታሪኩ የመጣው ከካርታው ነው። ደሴቲቱ ርዝመቷ 9 ማይል፣ ወርዷ 5 ማይል፣ መልኳ ዘንዶ የመሰለ ነበር።

አንባቢ ሁሉ ልቡ ወርቁ ላይ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን አየሩ ነው። መርከቡ ገና መልሕቅ እንደጣለ ሐኪሙ አየሩን አሽትቶ በሽታ እንዳለበት ይናገራል። ወንበዴዎቹ ምን ሲገዳቸው! ረግረግ ላይ ሠፍረው ያድራሉ፤ ወባው አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። ሐኪሙ ወገኖቹን ይዞ ወደ ኮረብታ ይወጣል። ቆላ ወርዶ የሚያውቅ ደገኛ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ሮናልድ ሮስ የወባን ተሐዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 እ.ኤ.አ.፣ መጽሐፉ ከታተመ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙው ሰው የሚወቅሰው አየሩን ነበር። እናቴም ስለ ትንኝ ስንቴ ተነግሯት፣ እስክትሞት ድረስ «ልጄን የመተማ አየር በላብኝ» ማለቷን አልተወችም። ወንድሜ መምህር ሆኖ በወረደ በሁለተኛው ዓመት ነው የቀረው።

የስቲቨንሰን ካርታ ወደ አሳታሚው ሲላክ ጠፋ። መጽሐፉን ገጽ በገጽ እየለካ፣ በአባቱ ቢሮ ሌላ ካርታ አሠራ። የባሕር ላይ መብራት ቤት መሐንዲስ የነበሩት አባቱ፣ የካፒቴን ፍሊንትን ፊርማ አስመስለው ፈረሙበት። ስቲቨንሰን ግን ያ ካርታ የመጀመሪያው ሆኖ እንዳልታየው ጽፏል።

የእኛም ደብተር ጠፍቷል። ባለፈው ክረምት ወረቀት ዘርግቼ ሞከርሁ። ተራራው መጣልኝ፤ ወንዙም መጣ። ረግረጉ ግን ከወንዙ ወዲህ ይሁን ወዲያ ማዶ ጠፋኝ። ለመጠየቅ ያህል ቀና ብዬ ነበር።