ሹመት ያዳብር

ጓደኛችን ሥራ አስኪያጅ ሆነ። አራት ኪሎ በአንድ የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ አብሮን ጋዋኑን በአሲድ ሲበሳ የኖረው ልጅ፣ ከስምንት ዓመት የፋብሪካ ኬሚስትነት በኋላ ሾፌር፣ ጸሐፊና ተሽከርካሪ ወንበር አገኘ። "ሹመት ያዳብር!" ብለን ብርጭቆ አጋጨን። እሱ ግን ዝም አለ። ምነው ስንለው፣

"አሁን ፍሳሹ የኔ ሆነ" አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬሚስት ሳለ ከፋብሪካው ወደ ወንዙ የሚወርደውን ፍሳሽ በየወሩ እየለካ "ማጣሪያው ይጠገን" የሚል ሪፖርት ይጽፍ ነበር። ሪፖርቱ ሁሌም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሄዶ ይተኛል። ዛሬ ያ ጠረጴዛ የሱ ነው። በጀቱ ደግሞ ወይ ለማጣሪያው ነው ወይ ለአዲሱ ማሸጊያ ማሽን፤ ለሁለቱም አይበቃም።

ልናጽናናው ካርል ቦሽን አነሳንለት (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጀርመናዊው ኬሚስት በ1899 ቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. ኩባንያ ተቀጠረ። በ1909 ፍሪትዝ ሃበር ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ ሠርቶ ሲያሳይ፣ በጠብታ የተገኘውን በቶን የማምረቱ ዕዳ ቦሽ ትከሻ ላይ ወደቀ። ያስቸገረው ብረቱ ነበር። በዚያ ግፊትና ሙቀት ሃይድሮጅኑ ብረቱ ውስጥ እየሰረገ ካርቦኑን ይበላና ጋኑን ያፈነዳዋል። ቦሽ ጋኑን ከውስጥ ለስላሳ ብረት አለበሰው፤ የውጩን ጠንካራ ብረት ደግሞ በትናንሽ ቀዳዳዎች በሳሳው። ሾልኮ የገባው ሃይድሮጅን መውጫ አገኘ፣ ጋኑም ቻለ። በ1913 የኦፓው ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ዛሬ ገበሬያችን ለጤፉ የሚበትነው ዩሪያ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ማዳበሪያ!

የሰውየውም ሹመት ዳበረ፦ በ1919 የኩባንያው መሪ፣ በ1925 የግዙፉ ኢ.ጌ. ፋርበን አለቃ፣ በ1931 የኖቤል ተሸላሚ። የጓደኛችን ፊት ፈካ። ከመሃላችን አንዷ ግን (መቼም አንዷ አትጠፋም) "ቀሪውንም ንገሩት እንጂ" አለች።

ቀሪው እንዲህ ነው። በ1921 ኦፓው ውስጥ ተከምሮ የጠጠረ ማዳበሪያ እንደተለመደው በፈንጂ ሲፈረካከስ ክምሩ ራሱ ፈነዳ። ከ500 በላይ ሰው አለቀ። በ1933 ቦሽ የአይሁድ ሳይንቲስቶችን መባረር ሂትለር ፊት ተቃወመ፤ በዚያው ዓመት ግን ኩባንያው ለናዚዎች ምርጫ 400,000 ማርክ ሰጥቷል። ቦሽ በ1940 ሞተ። ከሱ ሞት በኋላ ኩባንያው አውሽዊትዝ አጠገብ በእስረኞች ጉልበት ፋብሪካ አስገነባ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ብረት እንዳይፈነዳ መተንፈሻ ያበጀ ጭንቅላት፣ ኩባንያ ሲሆን አቃተው።

"እና ልልቀቅ?" አለ ጓደኛችን። የመለሰለት የለም። ሒሳቡን እሱ ከፈለ፤ ሥራ አስኪያጅ ነዋ።

ከሁለት ወር በኋላ ደወለ። ፍሳሹን የምትለካው አሁን ገና የተመረቀች ልጅ ናት። ሪፖርቷ እሱ ጠረጴዛ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ በየወሩ በር ላይ ሠራተኛው ሁሉ በሚያየው ሰሌዳ ይለጠፋል። "ቀዳዳ በሳሁ" አለን እየሳቀ። ማጣሪያው እየተጠገነ ነው፣ ማሸጊያ ማሽኑ ለከርሞ ቆይቷል። ባለአክሲዮኖቹ ግን ለስብሰባ ጠርተውታል።

ሹመቱ ይዳብር አይዳብር እንጃ። እኛ ግን በዚህኛው ዙር ሒሳቡን ልንከፍል ተስማምተናል።