ከፒያሳ፣ ስለ ፓርስኒፑ

ፒያሳ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፣

ሼፊልድ ውርጭ ጀመረ ብለሽ የላክሽውን እንዳነበብኩ ትዝ ያለኝ ጓሯችን ያለው ፓርስኒፕ፣ ያ ካሮት መሰሉ ነጭ ሥር ነው፤ ማሞቂያውን አንቺ ታውቂበታለሽ።

ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ብርድ ሲመታው ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ከእንግዲህ የምታወጪው ከጥቅምቱ ይልቅ ይጣፍጣል። ሁሉንም ባንዴ አታውጪው፤ ግማሹ እዚያው አፈር ውስጥ ይቆይ፤ ከላይ ጭድ ወፈር አድርገሽ አልብሺው፤ መሬቱ እንደ ድንጋይ ከደረቀ መቆፈሪያ አይገባምና። ስታወጪው ቅጠሉን ይዘሽ አትጎትቺ፣ መሃሉ ላይ ይቀነጠሳል። ባለ አራት ጥርሱን መቆፈሪያ ራቅ አድርገሽ አስገቢና አፈሩን አላቅቂለት። ጓንትም አድርጊ፤ የቅጠሉ ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። የሼፊልድ ፀሐይ በታኅሣሥ ምን አቅም አለው ትዪ ይሆናል፤ ግዴለም፣ አድርጊ።

ይህን ሁሉ፣ ካሮቱንም አሸዋ ውስጥ እንደምናቆየው ጭምር፣ ለአክስታችን ሳስረዳት ሳቀችብኝ። «ካሮት በየቀኑ ከማሳ እየመጣ አሸዋ ውስጥ መቅበር ምን ይሉታል?» አለች። እውነቷን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ በዚህ ወር ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፤ መሬቱ ግን በረዶ ሆኖ አይዘጋም። የከተማው ጎተራ የገበሬው ማሳ ነው ብትዪ ይቀላል።

አትክልት ተራን ፍለጋ እንዳትመጪ፣ ከፒያሳ ከወጣ ቆይቷል። በ2012 ኮሮና ሲገባ ወደ ጃንሜዳ ወሰዱት፤ ከዚያ ደግሞ ጃንሜዳ ለጥምቀት መጽዳት ነበረበትና ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። አራዳ ገበያ ሲነሣባት የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ መርካቶ ያዛወረው ጣሊያን ነው። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈርም በ2016 ፈርሷል። ስለ እሱ ስመጣ እናወራለን፣ በደብዳቤ አይሆንልኝም።

ጉሊት ግን አልጠፋም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንዲት እናት ካሮት ዘርግተው አገኘሁ። በአንድ ወገን ታጥቦ የሚያብረቀርቅ፣ በመደብ በመደብ የተደረደረ፤ በሌላው ወገን ጭቃው የደረቀበት፣ እርጥብ ጆንያ የለበሰ። ዋጋውን ጠይቄ የታጠበውን ሳነሣ «ዛሬ ካልሠራኸው አፈር ያለውን ውሰድ ልጄ፣ የታጠበው ነገ ይጠወልጋል» አሉኝ። ለአንተ ብዬ ነው የሚል ነገር በድምፃቸው ነበረ፤ ሸጠው ከሚያተርፉት ይልቅ ካሮቱ እንዳይበላሽ ያሰቡ ይመስላሉ። አንቺም እንደ እሳቸው አድርጊ፦ በአሸዋ ሣጥን የምታቆዪውን ካሮት አትጠቢ፣ አፈሩን በእጅሽ አራግፊ፣ ቅጠሉን ከአናቱ ቁረጪ፣ የተጫረውንና የተሰነጠቀውን ለይተሽ ቶሎ ብዪው። ሌላውን እርጥበት ባለው አሸዋ መሃል እርስ በርሱ እንዳይነካካ ደርድሪ። ፖሙን ከመጋዘኑ አውጪ፤ ከእሱ የሚወጣው ጋዝ ሥራሥሩን ያመርረዋል።

የደብረ ብርሃን ዘመዶቻችንም መሬቱን እንደ ጎተራ ይጠቀሙበታል፤ የደረሰውን ድንች ሳያወጡ ይተዉትና ለወጥ በሚበቃ መጠን እየማሱ ይበሉታል። እነሱን የሚያሰጋቸው ዝናብ ነው፤ አፈሩ ውኃ ከጠጣ ያቆዩት ይበሰብሳል። አየሽ፣ የእናንተ ክረምት የሚጠብቀውን የእኛ ክረምት ያበላሸዋል። ለዘር የሚሆነውን ደግሞ ጨለማ ውስጥ አያኖሩትም። የሆለታ ግብርና ምርምር ሰዎች ያስፋፉት የእንጨት ርብራብ አለ፣ ከዳር እስከ ዳር ብርሃንና አየር የሚገባው። ድንቹ እዚያ ላይ አረንጓዴ ይሆናል፣ ለመብል አይበጅም፤ ቡቃያው ግን አጭርና ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። እኛ ጋራዥ ውስጥ እንዳለው የሸረሪት እግር ያለ ነጭ ጭራ አያበቅልም። የሚቀጥለውን ዘር መስኮቱ ሥር እናድርገው።

ትናንት ጣይቱ ሆቴል የጾም ምሳ በላሁ። አልጫው ውስጥ ያለውን ካሮት ሳኝክ ፓርስኒፕ ቢገባበት ብዬ አሰብኩ፤ ጣፋጭነቱ ቃሪያውን የሚችል ይመስለኛል። ለገና ሞክሪውና ንገሪኝ፣ መጨረሻ ላይ ጨምሪው፣ ቶሎ ይፈርሳልና።

አፈር ውስጥ የቀረውን እስከ የካቲት ጨርሱት፤ አዲስ ቅጠል ማውጣት ከጀመረ መሃሉ እንጨት ይሆናል። አጥሩ ጥግ ያሉትን ሁለት ትልልቆች ግን አትንኪያቸው። በመጪው በጋ አብበው ዘር ይሰጡናል፤ ያምናው ፓኬት ደግሞ ከእንግዲህ ስለማይታመን ጣይው።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ