የሃርለሟ አቢሲኒያ

ከታችኛው ማንሃተን በ2 ቁጥር ባቡር መጥቼ ሃርለም፣ 135ኛው መንገድ ላይ ወረድኩ። ከዚያ ወደ ሰሜን ሦስት መንገድ ሄዶ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ግራጫ ድንጋይ የለበሰው፣ መስኮቶቹ በሾጣጣ ቅስት ያለቁት ሕንፃ ከቤቶቹ መሀል ብቅ ይላል፤ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን።

የስሙን ነገር ላውጋችሁ፤ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ1808 በኒው ዮርክ ከተማ ፈርስት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ምእመናን ከነጮቹ ተለይተው እንዲቀመጡ ይገደዱ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደምትተርከው፣ ይህን እምቢ ብለው ከወጡት መካከል በመርከብ የመጡ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩበት፤ አዲሱ ጉባኤም በአገራቸው ስም ተጠራ። እኔን ከነጋዴዎቹ ይልቅ የገረመኝ የሌሎቹ ምርጫ ነው። ኒው ዮርክ ባርነትን ጨርሳ ያስቀረችው በ1827 ነው። ገና ባሪያ በሚያድር ከተማ ውስጥ የነፃ ጥቁር ሕዝብ አገር ስም በር ላይ መስቀል ድፍረት ይጠይቃል።

ጉባኤው ከታችኛው ማንሃተን ተነሥቶ፣ ቤት እየቀያየረ፣ ጥቁሩ ሕዝብ ወደ ሰሜን ባቀና ቁጥር አብሮ ተጓዘ። በ1908 የመጡት ፓስተር አዳም ክሌይተን ፓወል፣ አባትየው፣ «ሃርለም እንውጣ» ቢሉ ምእመኑ ለዓመታት እሺ አላለም። መሬቱ የተገዛው በ1920 ነው። ሕንፃው እስኪያልቅ በድንኳን ተሰበከ፤ በሰኔ 1923 ተመረቀ። ወጪው ከ330 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ያኔ የሃርለም ሰው በብዛት የሚተዳደረው በሰው ቤት ምግብ በማብሰል፣ ልብስ በማጠብና ሻንጣ በመሸከም ነው። ፓወል በዚያ ደሞዝ ላይ አሥራት አስለመዱ። ዕዳው በ1928 ተከፍሎ አለቀ!

እሑድ ጠዋት ነበርና ገባሁ። ቅኔ ማሕሌትና መጋረጃ ለለመደ ዓይን ግር ይላል፤ ወንበሮቹ እንደ ቲያትር አዳራሽ ከብበው ወደ እብነ በረዱ መስበኪያ ዞረዋል፣ በላይም ሰገነት አለ። ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስተናጋጅ እናት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ክንዴን ያዝ አድርገው «እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ፣ ልጄ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ አፈርኩም። ለዚህ ቤት አንድ ድንጋይ ያቀበለ ዘመድ የለኝም።

ዘማሪዎቹ ሲነሡ ወለሉ ራሱ ይንቀጠቀጣል። በ1930ና 31 እዚህ የሰንበት ትምህርት ያስተማረ ዲትሪሽ ቦንሆፈር የሚባል ጀርመናዊ የነገረ መለኮት ተማሪ ነበር፤ በኋላ ናዚዎች ሰቀሉት። ከዚህ ቤት ብዙ ይዞ እንደሄደ የሚጽፉ አሉ፤ መዝሙሩን ሰምቼ አመንኳቸው።

ለእኛ ግን ዋናው ዓመት 1935 ነው። ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሃርለም ለኢትዮጵያ ተሰለፈች፤ ትልልቅ ስብሰባ ከተካሄደባቸው አዳራሾች አንዱ ይህ ነበር። ሥራ የጠፋበት፣ ለራሳቸው የዕለት ጉርስ የቸገረበት ዘመን መሆኑን አንርሳ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ወደዚህ መጥተው የኢትዮጵያ መስቀል አበረከቱ፤ መስቀሉም የቤተ ክርስቲያኒቱ አርማ ሆነ። የተቀበሏቸው ፓወል ልጅየው፣ ኒው ዮርክ ወደ ኮንግረስ የላከችው የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው፤ እጥፍ ብሎ ያለው ሰፊ ጎዳና ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ2007 ደግሞ፣ እኛ ሁለት ሺህን ስንቀበል፣ ፓስተር ካልቪን በትስ ምእመናቸውን አስከትለው አዲስ አበባ ድረስ መጡ።

«የእኛ ነው» ማለት ይቀናናል። ሒሳቡ ሲታይ ግን እኛ ስምና መስቀል ሰጠን፤ ሕንፃውን የሠሩት፣ በክፉ ቀናችን የጮኹልን እነሱ ናቸው። ኒው ዮርክ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ደጃፉ ላይ ፎቶ ተነሥታችሁ አትመለሱ። ገብታችሁ ተቀመጡ፤ የመባው ሳሕን ሲዞርም ባዶ እጃችሁን አታሳልፉት።